ቆላ የወረደው ብርድ ልብስ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ ጥቅምት ነበር፣ መንዛችን በውርጭ የሚነጣበት። መርሐቤቴ ቆላ የተዳረችው ልጄ ወለደች ቢሉኝ፣ የበጌን ጠጉር ፈትዬ ለሕፃኑ በኪሮሽ ወፍራም ብርድ ልብስ ሠራሁለት። ለእኛ ለመንዞች ልጅ ከተወለደ የሚያሳስበው ብርዱ አይደል? ይዤ ስወርድ ሕፃኑ ራቁቱን ተኝቶ ያልበዋል።

«እማዬ፣ ልጁን ልትቀቅዪው ነው?» ብላ ልጄ ሳቀችብኝ። አፍሬ ብርድ ልብሱን መልሼ ልጠቀልለው ስል ቀማችኝና ፊቷን ቀበረችበት። «ቤታችን ቤታችን ይሸታል» አለች፣ ሳቋ ጠፍቶ። «ከተዳርሁ ወዲህ አንድ ቀን በርዶኝ አያውቅም።»

«ብርድም ይናፍቃል እንዴ?» አልኋት።

«ይናፍቃል እማዬ።»

ልጁ ዛሬ ድክ ድክ ይላል፤ ብርድ ልብሱን እሷ ትንተራሰዋለች፣ አላጥበውም ብላለች አሉ። እኔ ግን ያን ቁልቁለት ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ዳግም አልወረድሁም።