የመምህር ፀጋው ዱባ ከየት ወደቀ?

(ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፤ ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ፀጋው ደጃቸው ጫፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ተንከባሎ የወደቀው ዱባቸው በበሳው የጣሪያ ቆርቆሮ ቀዳዳ ቁልቁል የታችኛዋን ጎረቤታቸውን እትዬ ሉባባን መኝታ ቤታቸው ውስጥ እንደቆሙ ያዩዋቸዋል።)

እትዬ ሉባባ፦ ዱባው የእርስዎ፣ ቀዳዳው የኔ? እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ!

መምህር ፀጋው፦ ይረጋጉ፣ እትዬ ሉባባ። ዱባዬ መሬት ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ከፍታው ዜሮ ነው። ከፍታ የሌለው ነገር ደግሞ ያጠራቀመው ጉልበት የለም። ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ።

እትዬ ሉባባ፦ ዱባዎ ክፍል አልገባማ! ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሲቀድ ባልነሳ ኖሮ እኮ ትራሴ ላይ አግኝቶኝ፣ ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበሩ።

መምህር ፀጋው፦ ቆርቆሮውን ዝገት በልቶታል። ደግሞም ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል...

እትዬ ሉባባ፦ የእርስዎ ዱባ አወዳደቁም ለየቅል ነው! ለመሆኑ መሬት የሚሉት የቱን ነው? የእርስዎ መሬት ከኔ ጣሪያ በላይ ነው እኮ።

መምህር ፀጋው፦ እሱማ... መነሻውን መምረጥ የቆጣሪው ፈንታ ነው። እኔ ደጄን ዜሮ አልኩ።

እትዬ ሉባባ፦ ለኔስ ይፈቀዳል?

መምህር ፀጋው፦ ለማንም ይፈቀዳል።

እትዬ ሉባባ፦ እንግዲያው አልጋዬን ዜሮ ብያለሁ። ይቁጠሩ!

መምህር ፀጋው፦ ዱባው ስምንት ኪሎ። ከአልጋዎ እስከ ደጄ አምስት ሜትር። በምድር ስበት፣ በአሥር፣ ሲባዛ... አራት መቶ ጁል ጉልበት።

እትዬ ሉባባ፦ አራት መቶ! ቅድም ባዶ አልነበረም?

መምህር ፀጋው፦ በኔ አቆጣጠር ሲነሳ ባዶ ነው። አልጋዎ ላይ ሲደርስ ከዜሮ በታች አራት መቶ ይሆናል።

እትዬ ሉባባ፦ ከባዶም በታች አለ እንዴ?

መምህር ፀጋው፦ አለ። ጉድጓድ እንደማለት ነው።

እትዬ ሉባባ፦ ታዲያ ከደጅዎም ቢጀመር ከአልጋዬም፣ በመውደቁ የፈሰሰው ጉልበት ስንት ነው?

መምህር ፀጋው፦ ...ያው አራት መቶ። ልዩነቱ አይለወጥም።

እትዬ ሉባባ፦ ቀዳዳውም አይለወጥም! ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት አሉ።

መምህር ፀጋው፦ ተረታሁ። እንዲህ ያለ ተማሪ በሠላሳ ዓመት አንድም አላጋጠመኝም።

እትዬ ሉባባ፦ ምስጋናው ይቆይ። ጦሳ ላይ ደመናው ጠቁሯል፤ ፍራሼ ሊርስ ነው።

መምህር ፀጋው፦ ቆርቆሮም ሚስማርም አለኝ። በቃ፣ አሁኑኑ ጣሪያው ላይ ዘልዬ እደፍነዋለሁ!

እትዬ ሉባባ፦ ቆይ፣ ቆይ! ስንት ኪሎ ነዎት?

መምህር ፀጋው፦ ሰማንያ። ምነው?

እትዬ ሉባባ፦ ያ ረቢ፣ አሥር ዱባ! ወደ ኋላ ይበሉ፣ መምህር! ዜሮውን ካሻዎት ቦታ ይጀምሩ፤ እርስዎ ግን በበር ይግቡ!