ቀና ያሉት ሁለት ሰዎች

...አባቴ ምስሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጀርባው ላይ አስሮ ወደ ተራራው ሲሮጥ እኔ ከኋላው የማየው ጨርቁን ብቻ ነበር። ይቅርታ፣ ከመሀል ጀመርኩ። መጀመሪያ ማመስገን ነበረብኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ርዕሰ መምህር ኢሶጋይ፣ ባልደረቦቼ፤ ስለ መሰናበቻ ግብዣው፣ ስለ ሞቀው የሩዝ መጠጥ፣ ስለ ሳኬውና ስለ ወቅቱ የመጨረሻ ሸርጣን አመሰግናለሁ። በከተማችን በፉኩይ ሸርጣን እየበላ የሚያወራ ሰው የለም። ንግግሬን ከሸርጣኑ በኋላ ያደረጋችሁት ለእኔ አስባችሁ ነው ወይስ ለሸርጣኑ?

ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሪክ አስተማርኩ። ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜም አልተውኩም። ተማሪዎቹ «የካንቤ ታሪክ ባቡር አገራችን እንደገባ ያልቃል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በየዓመቱ መጋቢት ይደርሳል፣ ትምህርት ይዘጋል፣ እኔም የጦርነቱ ንጉሠ ነገሥት ዘንድ ሳልደርስ እተርፋለሁ። አንዲት ተማሪ ግን ቀደመችኝ።

«መምህር፣ ጦርነቱ የእሳቸው ጥፋት ነው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን።»

«በሚቀጥለው ሳምንት እኮ ዝግ ነው።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት።»

«በሚቀጥለው ዓመት እኔ የለሁም፣ መምህር።»

ለምን ሸሸሁ? አባቴም ርዕሰ መምህር ነበር። ግቢው ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል የሚቀመጥባት ትንሽ የድንጋይ ቤት ነበረች። በበዓል ቀን አባቴ ነጭ ጓንት አድርጎ ምስሉን ያወጣል፤ እኛ እናጎነብሳለን፤ ተመልሶ እስኪገባ ቀና ማለት የለም። ያየ ሰው ይታወራል ይሉን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት የራሴን ጫማ ነው።

በጦርነቱ የመጨረሻ ሐምሌ ከተማችን ሲቃጠል አባቴ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። ደንቡ ነበር፤ ማንኛውም ርዕሰ መምህር የሚያደርገውን አደረገ። ቤት ውስጥ እህቴ ቺዙ ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቴ ምስሉን አዳነ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ፊታቸው ምን ይመስላል?»

«አላየሁም» አለኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የተቃጠለችውን ከተማችንን ሊጎበኙ መጡ። ሕዝቡ ባንዲራ እያውለበለበ ያለቅሳል። ቺዙን የቀበረችው እናቴም እጇን አንስታ «ሺህ ዓመት ይንገሡ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ፊታቸውን ለማየት ምዬ ነው የወጣሁት። ሲያልፉ አንገቴ በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ወረደ። ያየሁት የሚያልፍ የጫማ ሰልፍ ነው፤ የትኛው የእሳቸው እንደነበረ አላውቅም። ማንም አልገፋኝም። እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ያስፈራኛልም።

ንጉሠ ነገሥቱ ባለፈው ጥር ወር ሞቱ። የመምህራን ክፍላችን ውስጥ የተባለውን ታስታውሳላችሁ።

«ጦርነቱን ያቆሙት እሳቸው ናቸው» አለ መምህር ኡዋኖ።

«ማቆም ከቻሉ ለምን ቀደም ብለው አላቆሙትም?» አለች የሙዚቃ መምህርታችን ሚነጊሺ።

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም።»

«ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ፣ ጋሼ።»

እኔ ምን አልኩ? ሻይ ቀዳሁላችሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ፣ ጥቁር ጨርቅ በታሰረበት ባንዲራ ፊት ለአንድ ደቂቃ አጎነበስን። መምህርት ሚነጊሺ ከፒያኖው አጠገብ ቀና ብላ ቆመች። በዓመት ውል ነው የምትሠራው፤ ውሏ መታደሱና አለመታደሱ እኔ በምጽፈው ሪፖርት ላይ ተንጠለጠለ። ርዕሰ መምህራችን ጠርተውኝ «አቶ ካንቤ፣ አይተዋታል አይደል? እንግዲያው ያዩትን ይጻፉ» አሉኝ። ቀጥለውም ከጡረታ በኋላ ስለታሰበልኝ የባህል አዳራሽ ኃላፊነት አነሡ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሻይም ጋበዙኝ።

ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ቀና ብላ ስትቆም አይቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ክቡራትና ክቡራን፣ ሁላችንም አጎንብሰን ከነበረ እኔ እንዴት አየኋት?

ቀና ብዬ ነበር። በስልሳ ዓመቴ። አንገቴ እንዲህ እንደሚታዘዘኝ አላውቅም ነበር። አራት መቶ ጀርባ አየሁ፤ ጸጥ ያለ፣ እንደ ባሕር። ከዚያ ሁሉ ጀርባ በላይ ደግሞ አንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ። የፒያኖውን ጠርዝ ጨብጣ ይዛለች። ፈርታለች፤ ፈርታም አላጎነበሰችም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቀና ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ እሷ የምትባረር ከሆነ የእኔም ሹመት ይቅር። ሪፖርቱ ያለበት ፖስታ ከርዕሰ መምህራችን ሳህን አጠገብ ተቀምጧል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥፋተኛ ነበሩ? ያቺን ተማሪ ዛሬ ባገኛት «አላውቅም፤ ግን አባቴ ፊታቸውን አላየም» እላታለሁ። ይህችን እንኳ ለመናገር ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈጀብኝ።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጉልበታችሁ አይክዳችሁ። የምትሸሹትን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አይጥፋባችሁ፤ የምትመልሱበትንም ቀን ያቅርብላችሁ። አሱዋ ወንዝ ዳር የቼሪው ዛፍ ሲያብብ ሁላችሁም፣ አንድም ሰው ሳይጎድል፣ ከሥሩ ተቀመጡ። መምህርት ሚነጊሺ፣ ቀና በይ፤ የሚያስለቅስ ነገር አልተናገርኩም።

ርዕሰ መምህር ኢሶጋይ... ተነሡ? ፖስታውንም ይዘዋል። ግድ የለም፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ደረጃው እርጥብ ነው።

በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ።