የቅርቧ ደም ስር

(አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የልብስ ሰፊውን የአቶ አሰግደውን ግራ ቅልጥም ከአምስት ሳምንት በፊት መኪና ሰባብሮታል፣ ቁስሉን እንዲሸፍን ከጭናቸው ተወስዶ የተተከለው ሥጋም በስድስተኛው ቀን ሞቷል፤ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ማስተዋል አልጋቸው አጠገብ ቆማለች።)

አሰግደው፦ የለም፣ የለም! ደህናውን እግሬን አይንኩብኝ። ግራው እንደሆነ እንዳይሆን ሆኗል፤ ቀኙ ምን በደለ?

ማስተዋል፦ ጋሽ አሰግደው፣ ከቆዳው ሥር አንዲት ደም ስር ብቻ ነው የምወስደው። ብትጎድልም አይታወቅዎትም።

አሰግደው፦ ከጭኔ የወሰዱ ለታም አይታወቅዎትም ብለውኝ ነበር። ይኸው ጭኔም ተሸነተረ፣ ሥጋውም እንደ ከሰል ጠቁሮ ተጣለ።

ማስተዋል፦ የአሁኑ ይለያል። ከጀርባዎ ሥጋ ወስጄ ቁስሉን አለብሰዋለሁ። ደሙን የማመጣለት ግን ከላይ ነው፤ ከጉልበትዎ ኋላ ካለው ትልቁ ደም ስር። መንገዱ ስለሚርቅ ከቀኝ እግርዎ የምወስዳት ድልድይ ትሆነኛለች።

አሰግደው፦ ያን ጊዜስ ከየት ነበር ያመጡለት?

ማስተዋል፦ ከጉልበትዎ በታች።

አሰግደው፦ ከታች ከየት?

ማስተዋል፦ ደሙ ረጋ፣ ጋሽ አሰግደው። አንዳንዴ ይረጋል።

አሰግደው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትሉን እናንተ አይደላችሁ? እኔ ቁስሌን ገልጬ አሳይቻለሁ። እርስዎም ይግለጡልኝ እንጂ።

ማስተዋል፦ ከቁስሉ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብላ ካለችው ደም ስር ነው የቀጠልኩት። ቅርብ ነበረች። ስትመታ አየኋት። በማጉያው ሳያት ግድግዳዋ ደንደን ብሏል፤ ግድ የለም፣ ትችላለች አልኩ።

አሰግደው፦ ማን መረጣት?

ማስተዋል፦ እኔ።

አሰግደው፦ ሌላ ሰው አልነበረም?

ማስተዋል፦ ነበር። ወደ ላይ እንውጣ ያለኝም ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመን ነበር፤ ቶሎ ልጨርስ ብዬ…

አሰግደው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ማስተዋል፦ እኔስ መልቀሙም አልሆነልኝ።

አሰግደው፦ አየሽ ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሰፍቻለሁ። ኮት በሲጋራ ተቃጥሎ ሲመጣልኝ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ መርፌ አልሰካም። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ይተረተራል። ገባ ብዬ ከጤነኛው ጨርቅ ነው የምይዘው።

ማስተዋል፦ እኛም የተማርነው እንደዚያ ነው።

አሰግደው፦ አሁን ታዲያ ጤነኛ ምን ቀረ?

ማስተዋል፦ ከጉልበት ወደ ታች የሚወርዱት ሦስት ናቸው። ሁለቱ በአደጋው ዕለት ተቆርጠዋል። እስካሁን እግርዎን ይዛ ያቆየችው አንዷ ናት። ትናንት በተነሳው ፎቶ እሷም እየጠበበች ነው።

አሰግደው፦ ለካ ለዚህ ነው አውራ ጣቴ የበረደችው። ባለቤቴ ካልሲ ደራርባ ብታለብሳትም ጣቴ አልሞቅ አለች።

ማስተዋል፦ መቼ ጀመረዎት?

አሰግደው፦ ከትናንት ወዲያ። ንገሪኝማ፣ አንቺ የምትዪው ከአሥር ሰው ለስንቱ ይሆናል?

ማስተዋል፦ እንደ እርስዎ ላለው… ለሁለቱ። እሱም ምናልባት።

አሰግደው፦ ባይሆንስ?

ማስተዋል፦ ያኔ ከጉልበትዎ ኋላ ያለውም ደም ስር ይጎዳል፤ ከጉልበት በላይ እንቆርጣለን።

አሰግደው፦ ጉልበቴንም! ዛሬ ነገ ሳትዪ ብትቆርጪውስ?

ማስተዋል፦ ጉልበትዎ ይተርፋል። ግን ጋሽ አሰግደው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ልካስዎ።

አሰግደው፦ ልጄ፣ እግሩ የኔ ነው፤ ጸጸቱ ያንቺ። ያንቺን ጸጸት በኔ ደህና እግር አትጣፊው።

ማስተዋል፦ የስፌት መኪናውን በምን ሊረግጡት ነው?

አሰግደው፦ በቀኙ፣ ቀስ እያልኩ። እንቢ ካለኝም እተወዋለሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባል የለ? እኔ እንኳን ዛፍ፣ ደጄ ወጥቼ ፀሐይ ከሞቅኩ ይበቃኛል።

ማስተዋል፦ እሺ። ይሁን። ለነገ ጠዋት ሌላ ሐኪም አነጋግርልዎታለሁ። እኔ ከእንግዲህ እጄን ባላሳርፍብዎት ይሻላል።

አሰግደው፦ የለም። አንቺው ነሽ የምትቆርጪው። ከኔ የሸሸ እጅ ለሌላው በሽተኛም አይመለስም።