ከራስ በላይ አፈር

ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሕንፃውን የሠራውን ሰው ይራገማሉ፤ ቀጥሎ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ያን ቀን ጠዋትም እርግማኑን ጨርሰው፣ ዳቦና የባለቤታቸውን የጉልበት መድኃኒት የያዘ ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው እንደተቀመጡ፣ ከታች ከባድ ኮቴ ሰሙ። ብቅ ያለችው የአምስተኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ልጅ ናት። የአትክልት ስፍራ አሠራር ተምራ ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው። ትከሻዋ ላይ ጆንያ ተሸክማለች።

“ምንድን ነው የተሸከምሽው ልጄ?”

“አፈር ነው ጋሼ።”

“ሰው አፈር ከቤቱ ጠርጎ ወደ ታች ሲያወርድ ነው የማውቀው። አንቺ ወዴት ነው የምታወጪው?”

“ለናሙና ነው፤ ለእርስዎና ለእትዬ ላሳይ። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ግቢውም፣ ሰገነቱም፣ ጣራውም አረንጓዴ ይሁን ተባለ። ጣራው ግን ከሥሩ የሚኖረው ቤተሰብ ካልፈቀደ አይነካም። እርስዎ ደግሞ አልመጡም ነበር።”

“እንግዲያው ቀሪውን ደረጃ ላቅልልሽ። አልፈቅድም።”

“ለምን ጋሼ?”

“ሰው ከራሱ በላይ አፈር የሚጫነው ሲሞት ነው። እኔ ገና ነኝ።”

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ “አፈር ስሆን ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ” አለች።

“አንቺም አትሁኚ! በይ ነይ፤ ሻይ እንኳ ትጠጫለሽ።”

ሽማግሌው አልፈቅድም ያሉት ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ክረምቶች በፊት ኮርኒሳቸው ውኃ ጠጥቶ፣ ተቦድሶ፣ ባለቤታቸው ያኔውኑ በተነሡበት አልጋ ላይ ዘጭ ብሏል። ጠጋኞች መጥተው ጣራውን ሬንጅ ቀቡት፤ ቀዳዳውን ግን ማንም አላገኘው። ከዚያ ወዲህ ከበድ ያለ ዝናብ በመጣ ቁጥር ልብስ ሰፊው ሳፋ ይዘው አልጋው አጠገብ እንደ ዘበኛ ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ አበባ ሲነገረው ሳፋው ቢታየው አይፈረድበትም።

ቤቱ እንደ ገቡ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚጠጣ ኮንክሪት ከሥሩ ያለውን ሰው ይጋግራል። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ የሰገነቱ በር ላይ ወንበር አድርገው ራሳቸውን በጋዜጣ ያራግባሉ። ሰገነቱ ራሱ ለሰው ቦታ የለውም፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮና አንድ ቀን ይጠቅማል የተባለ ነገር ሁሉ ተከምሮበታል።

“እንግዲህ ተናገሪ” አሉ ልብስ ሰፊው። “መቼም ጣራችን ላይ ጫካ ልትተክይ ነው።”

“ጫካውስ ለመሬቱ ነው ጋሼ። ሥሩ የሚሰፋ ዛፍ ታች ነው የሚተከለው፤ በግቢው ዳር ያለው ሲሚንቶ ተነሥቶ አፈሩ ይተነፍሳል። ሰገነት ላይ ትንንሽ የአበባ መትከያ፣ እሱም ግድግዳውን ተጠግቶ እንጂ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም።”

“የታችኛው ሰው አናት ላይ እንዳይወርድ።”

“አዎ። ሥሩም ዝርግ ሳህን ይቀመጥለታል፤ ጎረቤት ያሰጣው ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ። ጣራው ላይ ደግሞ ይኼ ነው።” ጆንያውን ፈታ አድርጋ ጭብጥ አፈር አስያዘቻቸው። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ የተደባለቀ ነው። ልብስ ሰፊው በመዳፋቸው መዘኑት፤ መቅለሉ ገረማቸው፤ መገረማቸውን ግን ደበቁ።

“ክብደቱን የሕንፃው መሐንዲስ አስልቶታል” አለች።

“ክብደቱስ ይሁን። ውኃውን ማን ያሰላዋል?”

“ውኃ የማያስገባ ንጣፍ ይነጠፋል፤ ጫፍና ጫፉ ተደራርቦ በእሳት ይጣበቃል።”

“መደራረቢያው ምን ያህል ነው?”

ልጅቷ መዳፏን ዘረጋች። “ይህን ያህል።”

“ለስፌት አያንስም። ሥሩስ አይበሳውም?”

“ከላዩ የተክል ሥር የሚከለክል ሌላ ንጣፍ አለ።”

“ገበር አለው በይኛ!” አሉና ድምፃቸው መሞቁን ሲያውቁት ፊታቸውን አጨማደዱ። “ቢሆንም አይሆንም። የሚያፈስ ጣራ ላይ ገበር ምን ይሠራል? ሕንፃውን የሠራው ሰውዬ ሲሚንቶውን ሰርቋል። እኔ ይችን ሴትዮ ሁለተኛ በሚወድቅ ኮርኒስ ሥር አላስተኛም።”

ይህን ጊዜ እትዬ ማራገባቸውን ተዉ።

“ስማኝ” አሉ ባላቸውን። “ለእኔ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንተ አፈር ከላይህ እንዳይሆን ትፈራለህ፤ እኔ ደግሞ አፈር ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ይህ ጉልበት ወደ ታች አያወርደኝም። ሊፍቱን አላምነውም። ወደ ጣራው ግን ያለችው አንዲት አጭር ደረጃ ናት።”

ልብስ ሰፊው አንጋጠው ኮርኒሱን አዩ። እስከዚያች ቀን ስለ ጣራው ሲያስቡ የሚወርደውን ነገር እንጂ ወደዚያ የሚወጣ ሰው አስበው አያውቁም።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “ቀዳዳውን ካገኘሽው እፈቅዳለሁ። ካላገኘሽ አፈርሽን ይዘሽ ትወርጃለሽ።”

“ተስማማን። መውረጃዎቹን ደፍነን ጣራውን ውኃ እናስተኛበታለን። ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ ይኼ ግን እስክንፈልግ ቆሞ ይጠብቀናል።”

እንዳለችውም ሆነ። ጣራው ኩሬ ሆነ። ልብስ ሰፊው አልጋውን ገፍተው፣ ሳፋቸውን አስቀምጠው፣ አንጋጠው ተቀመጡ። በማግስቱ ኮርኒሱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል እርጥበት ታየችና ጠብ አለች። ሽማግሌው በደስታ ይሁን በንዴት ሳይታወቅ፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ሳያርፉ አምስተኛ ፎቅ ደረሱ።

“አላልኩሽም? አላልኩሽም!”

“እሰይ!” አለች ልጅቷ። “ሜትርዎን ይያዙ ጋሼ።”

በልብስ መለኪያቸው ከሁለቱ ግድግዳዎች እስከ እርጥበቷ ለኩ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጣራው ላይ ውኃ ውስጥ ገቡና ያንኑ ልክ ከላይ ደገሙት። ሜትሩ የቆመው አንድ የዛገ ብረት እግር ላይ ነበር። የዲሽ እግር። ሬንጁ ዙሪያውን ተቀብቷል እንጂ ሥሩ አልገባም። ብረቱ በአራት ብሎኖች ኮንክሪቱን ወግቶ ቆሟል።

“የማን ዲሽ ነው?” ብላ ጠየቀች።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው ብሎኑን ዳሰሱ። ዲሹ የራሳቸው ነበር። ቤቱ የገቡ ሰሞን ባለሙያ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ ድሪል ተውሰው፣ በገዛ እጃቸው በስተውታል። ስንት ክረምት የተራገሙት ሰውዬ ትዝ አላቸው።

“ልጄ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ስፌት ያስተማርኳቸውን ሁሉ የዝናብ ካፖርት ላይ መርፌ አትሰኩ፣ ቀዳዳው አይደፈንም እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ለካስ ትልቁን ካፖርት የወጋሁት እኔ ነኝ።”

ከታች እትዬ ተጣሩ። “አገኛችሁት?”

“ሌባውን ይዘነዋል!”

“ማነው?”

“የቤት ልጅ ነው! ስወርድ እነግርሻለሁ!”

ልጅቷ አልሳቀችባቸውም። “ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል ጋሼ። ጣራ የሁሉም ስለሆነ ማንም አያየውም። አንዱ ይበሳዋል፣ አንዱ ቆሻሻ ይጥልበታል፣ መውረጃው ይደፈናል። ተክል ካለበት ግን ሰው በየቀኑ ይወጣል፤ ስንጥቁ ኮርኒስ ሳይጥል ይታያል።”

ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያሳመናቸው የአበባው ውበት ሳይሆን ይህ ነገር ነው።

ዲሹ ተነቅሎ ወደ ግድግዳ ተዛወረ፤ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፤ ጣራው እንደገና ውኃ ተኛበት፤ ኮርኒሱ ደረቅ ሆኖ አደረ። ንጣፉና ገበሩ ተነጠፈ፤ አፈሩ ወጣ፤ ዳር ዳሩ ጠንካራ አጥር ተደረገለት። እትዬ በባላቸው ትከሻ ተደግፈው ያችን አንዲት ደረጃ ሲወጡ ሁለቴ አረፉ። ከላይ እንደ ደረሱ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ። ልብስ ሰፊውም ዓይናቸው ውስጥ ብናኝ ገባ አሉ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ዛሬ መኝታ ቤታቸው ቀትር ላይም ያስቀምጣል። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ድርሻውን ጠጥቶ የቀረውን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ግቢው እንደ ድሮው አይጥለቀለቅም። ሰገነታቸው ከተሰበረው ወንበር ተገላግሎ ግድግዳውን የተጠጋ ጎመን አብቅሏል። በስም እንኳ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ጣራው ላይ ውኃ ማጠጫ ይዋዋሳሉ። ይህን ሁሉ ላልጠየቃቸውም ሰው የሚያስረዱት ልብስ ሰፊው ናቸው። አዲስ ነገር ሊተክል የመጣውን ሁሉ በር ላይ ይዘው፣ “ብሎን የለህም? ድሪል አልያዝክም?” ብለው ሳይፈትሹ አያሳልፉም።

በቀደም የማዶው ሕንፃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ደረጃው ላይ አግኝተዋቸው፣ “ከራስዎ በላይ ያ ሁሉ አፈር ተጭኖ እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?” አሏቸው።

ልብስ ሰፊው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከላይ እትዬ በምርኩዛቸው የውኃውን ቧንቧ ኳ ኳ አደረጉ። ማጠጫው ባዶ ሲሆን የሚጠሯቸው እንዲህ ነው።

“ይቅርታ ወዳጄ” አሉ ሽማግሌው ሱሪያቸውን እየሰበሰቡ፣ “ከላይ ተጠራሁ። አይዞህ፣ እመለሳለሁ።”