«ዕቃ አልጭንም»

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ትልቅ የሙዝ ዘለላ እግሯ ስር አጋድማ ተቀምጣለች፤ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ጴጥሮስ በሁለት ክራንች እየተደገፉ መጡ። ቀኝ እግራቸውን ጦር ሜዳ ጥለውት ነው የተመለሱት። ገና አንዱን ክራንች ሲያስገቡ ሹፌሩ ዞር ብሎ፣ «አባባ፣ ዕቃ አልጭንም!» አላቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ግራ ገባቸው። «ሙዙ እኮ የኔ አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «ሙዙን ማን አለ?» አለና በአገጩ ክራንቹን አሳያቸው። ደሜ ፈላ! «ይሄ ዕቃ አይደለም፣ እግራቸው ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ዘልዬ ወረድኩና ከባጃጁ ኋላ የተለጠፈውን ወረቀት በመዳፌ እየመታሁ፣ «ና እስኪ አንብበው! ምን ይላል?» አልኩት። «ክብር ለጀግኖቻችን» ይላል፣ በትልቁ። ስገባ አይቼው ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለጥፉ ተብለን ነው የለጠፍነው። ያልለጠፈ ተራ አይገባም።»

ጋሽ ጴጥሮስ ግን ክራንቻቸውን ብብታቸው ስር አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ወደ ባጃጁ ኋላ ዞሩና ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት።

«በል ልጄ፣ እኔንም እዚሁ ለጥፈኝ» አሉት። «ያኔ ሳትወድ በግድህ ትጭነኛለህ።»