ገበር ብቻውን ኮት አይሆንም

ሰው የሚሸሸውን ሰው የሚያገኘው ሊደበቅበት በሄደበት ቦታ ነው።

ተመራማሪዋ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሴቶች የቀዶ ሕክምና ክፍል የገባችው ማንንም ልታሳድድ አልነበረም። ሥራዋ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቃቸው ሕሙማን ስለ አንድ ጥናት ማስረዳትና ፈቃዳቸውን መጠየቅ ነው። ጥናቱ የሚያጣራው ነገር ቀላል ነው። ሰው ከቀዶ ሕክምና በፊት በዝግታ መተንፈስንና ሰውነቱን ማላላትን ቢለማመድ ፍርሃቱና ሕመሙ ይቀንስለታል ወይስ አይቀንስለትም? ግማሾቹ ይለማመዳሉ፤ ግማሾቹ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ያገኛሉ፤ ማን የት እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነው።

መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ዘንድ ስትደርስ የተኙት ሴትዮ አንሶላውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ዓይናቸውን ግን መሸፈን አልቻሉም።

«አክስቴ?» አለች።

«አይደለሁም» አሉ ከአንሶላው ውስጥ።

ክው አለች። የአባቷ ታላቅ እህት በዚያ ሳምንት ሌላ ከተማ ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ናቸው ተብሎ ነበር። የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፉ ሦስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። እጃቸውም ምላሳቸውም ስለሚቆርጥ ዘመድ ሁሉ በሌሉበት «መቀስ» ይላቸዋል።

አንሶላው ዝቅ ሲል ሌላ ድንጋጤ መጣ። አንገታቸው ላይ ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ «ኮሌታው ከፍ ያለ ልብስ እንዴት ያምርባታል» እያለ ሲያደንቅ የከረመው የዚህን መሸፈኛ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ብናገር አባትሽ ከእኔ ቀድሞ ይሞታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል አልሰማሽም? በእኔ እንቅርት ላይ የእሱ ለቅሶ ይጨመር? ባለፈው ወር አስተኝተውኝ፣ ፈርቼ የደም ግፊቴ ሽቅብ ወጣና መለሱኝ። ነገ ጠዋት ይሠሩኛል፣ አለቀ። አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ነገረቻቸው። አክስቷ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ወደ ጎረቤት አልጋ ዞሩ።

«ሰማሽ እህቴ? አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ በላዩ ሁለት ዓመት፣ መተንፈስ ልታስተምር። እኔ ሳልማር ስድሳ ዓመት ተነፈስኩ፤ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።»

ጎረቤቲቱ ሳቋን በትራስ አፈነችው። ተመራማሪዋ ይህን ቀልድ በየክፍሉ ስለምትሰማው አልተቆጣችም፤ ሰልችቷት ነበር እንጂ።

«ሲደነግጡ እንዴት እንደሚተነፍሱ አስተውለው ያውቃሉ?»

«ስደነግጥ የማስተውለው ያስደነገጠኝን ነው።»

«ሰው ሲፈራ ትንፋሹ ያጥራል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ጡንቻው ይጨመደዳል። ልብን ቀስ በል ብለው ማዘዝ አይችሉም። ትንፋሽን ግን ይችላሉ፤ እሱ ሲረጋ ልብም ተከትሎ ረገብ ይላል።»

«ሕመምሽ የአእምሮ ነው በይኛ። እንቅርቱን በዓይንሽ እያየሽ? እኔ ጨርቅ ሰፊ እንጂ ጨርቅ ጣይ አይደለሁም።»

«ማንም እብድ አላለዎትም። መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ ደንበኛ ቢጮህብዎት እጅዎ አይንቀጠቀጥም?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«ጩኸቱ የገባው በጆሮ ነው፤ እጅ ምን አገባው? አእምሮና አካል ጎረቤታሞች አይደሉም አክስቴ፤ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።»

አክስቷ «እሺ፣ መዝግቢኝ» አሉ።

«እርስዎንማ አልችልም። የሥጋ ዘመዴ ነዎት፤ ጥናቱ ይበላሻል።»

«ለባዳ የምትሰጪውን ለሥጋሽ ትከለክያለሽ?»

«አሁን የማይረባ ነው ሲሉ አልነበር?»

«የማይረባም ቢሆን ድርሻዬ ነው።»

በክርክር ያልተረታ ሰው አንዳንዴ በክልከላ ይረታል። አክስቷ ግን ቅር ያላቸውን ለመሸፈን ከአልጋው አጠገብ ካለችው ቁም ሣጥን አንድ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩዋት።

«ተይው። ለግፊቱ እኔ መላውን አግኝቻለሁ። አንድ ራስ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ። ከመለሱኝ ወዲህ አንድ ቀን አላቋረጥኩም። መስኮት አጠገብ ያስተኙኝ ለምን መሰለሽ?»

«ሌላስ የሚወስዱት ነገር አለ?»

«ምንም። የእጄ አንጓ ሲጠዘጥዘኝ አስፕሪን ጣል አደርጋለሁ እንጂ።»

«መቼ መቼ ነው የሚጠዘጥዝዎት?»

«ሁልጊዜ።»

ተመራማሪዋ ወደ አንገታቸው አየች። አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርትም ይህንኑ ሊያግዝ ይችላል። የሚቀደደው ደግሞ አንገት ነው። እዚያ ውስጥ የሚጠራቀም ደም የአየር ቧንቧን ይጨቁናል፤ ለመሯሯጫ ጊዜ አይሰጥም።

«ለሐኪሙ ነግረዋል?»

«መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ አለኝ፤ አልወስድም አልኩ።»

«አክስቴ፣ ይህ እኮ ሊገድልዎት ይችላል።»

ፊታቸው ተለወጠ። ቀልዱ ከላዩ ላይ ተገፈፈና ከሥሩ ያለው ፍርሃት ብቻ ቀረ። ምክንያቱን ስትነግራቸው እጇን አፈፍ አደረጉ።

«እንዳትነግሪው። ባለፈው ከጎኔ የነበረችው ስለ ቅጠል ጭማቂ ብትነግረው በተማሪዎቹ ፊት 'ታዲያ ቅጠሉ አያድንሽም?' ብሎ ሳቀባት። ተማሪዎቹም ሳቁ። እኔ ያን ዕለት አፌን ሰፋሁት። ደግሞስ ከተነገረው ይመልሰኛል። አሁን ከወጣሁ ተመልሼ የምመጣ ይመስልሻል? ራሴን አውቀዋለሁ።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር። ዝም ብትል ጠዋት በቢላዋ ሥር ይደማሉ፤ ብትናገርባቸው ጫማቸውን አድርገው ይሄዱና እንቅርቱን በኮሌታ እንደሸፈኑ ይቀራሉ። መናገር ያለባቸው ራሳቸው ነበሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣልዎት ከመቁረጥዎ በፊት ምን ይጠይቃሉ?»

«ታጥቧል ወይ እላለሁ። ያልታጠበ ጨርቅ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል።»

«ታጥቧል ብሎ ቢዋሽዎትስ?»

«እቆርጠዋለኋ። ልብሱ ሲያጥር የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ምን...» ብለው ጀመሩና ያላዩትን ግድግዳ የገጩ ይመስል ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ዳበሱ። «ያጠረ ልብስ ይቀጠላል፤ አንገት ግን አይቀጠልም» አሉ።

ቀዶ ሐኪሙ ለጉብኝት ሲገባ አክስቷ ተነሥተው ተቀምጠው ነበር። እየተንተባተቡ ጠርሙሱን አሳዩት፣ አስፕሪኑንም ነገሩት። የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። ነገ ጠዋት ቢላዋ የሚይዘው የእሱ እጅ ነው።

«እናቴ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀውኛል። ነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ከሆነ ባለ ጉሊት ሁሉ ፋርማሲስት ናት።»

«አስፕሪኑስ?»

«እሱማ የሱቅ ነው።»

ሐኪሙ ወደ ተመራማሪዋ ዞረ። «የእናንተ ጥናት መጨረሻው ይኼው ነው። ትንፋሽ ትላላችሁ፣ ነገ ቅጠል፣ ከነገ ወዲያ ሽንኩርት።»

«ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተው ስላሰሩት ነው ሽንኩርቱ ያመለጠዎት፣ ዶክተር» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ አልሞከረችም። «ትንፋሹ ማንንም አላደማም፤ ይኼኛው ሊያደማ ነበር። አንዱን ከሌላው የሚለየው ሳቅ አይደለም፣ ጥናት ነው። የረዳውን ከሕክምናው ጎን እናቆመዋለን፤ የሚጎዳውን እናስቆማለን፤ ያላወቅነውን አናውቅም እንላለን። ሕሙማኑ ግን እስክንጨርስ አይጠብቁንም፤ አሁንም እየጠጡ ነው። እኛ የምንስቅባቸውን ነገር አይነግሩንም።»

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አክስቷ ፊት ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ሐኪም ተቀምጦ ያየ አልነበረም።

«እንደገና ልጠይቅዎት» አለ። «ከቤትዎ የሚጠጡት፣ የሚበሉት፣ የሚቀቡት፣ ከሱቅ የሚገዙት፣ ጎረቤት የሚሰጥዎት ነገር ካለ አንድ ባንድ ይንገሩኝ።»

አክስቷ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። እንቅልፍ የሚያመጣ ተብሎ ጎረቤት የሰጣቸው የደረቀ ሥር፣ ለአንጓቸው የሚቀቡት ቅባት፣ ልጃቸው ትቶት የሄደው የጉንፋን ክኒን። ሁለተኛው እጅ ላይ ሲደርሱ ተመራማሪዋ ጭንቅላቷን ያዘች። ሐኪሙ አልሳቀም። ሁሉም እንዲቆም አዘዘ፤ ለግፊቱ የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈ፤ ቀዶ ሕክምናውን አሥር ቀን ያህል አራዘመው።

እሱ እንደወጣ አክስቷ በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

«ነግሬሽ ነበር። አልመለስም።»

«ጥናቱ ውስጥ አላስገባዎትም» አለች አጠገባቸው እየተቀመጠች። «የወንድምዎ ልጅ አብራዎት እንዳትተነፍስ ግን የሚከለክላት የለም። በአፍንጫዎ ያስገቡ። አሁን ቀስ አድርገው ያውጡት፤ ከገባው ይልቅ የሚወጣው ይርዘም። ትከሻዎን ይልቀቁት።»

ሁለቱ ተቀምጠው ተነፈሱ። ጎረቤቲቱም ሳይጋብዟት አብራ ትተነፍስ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ የአክስቷ ትከሻ ወረደ።

«ፍርሃቱ ሄደ?»

«አልሄደም። ግን ቁጭ አለ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ይኼ ካለ ክኒኑን ልተወዋ?» አሉ።

«እንዳይሞክሩት» አለች ደንግጣ። «ትንፋሽ እንቅርት አያወጣም፤ የግፊት መድኃኒትንም አይተካም። ደጋፊ ነው እንጂ ምትክ አይደለም።»

«ገበር ነው በይኝ እንጂ፤ ምን ታደክሚኛለሽ። ገበር ብቻውን ኮት አይሆንም። ኮት ያለ ገበር ግን ይኮሰኩሳል።»

ተመራማሪዋ ሦስት ዓመት ስታስረዳ የኖረችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ትንሽ ተናደደች።

አክስቷ ቤት ገቡ። ለወንድማቸው ነገሩት፤ እንደፈሩትም አለቀሰ፤ ግን አልሞተም። በቀጠሮው ዕለት በራሳቸው እግር ተመልሰው መጡ፣ ክኒናቸውን ሳያቋርጡ፣ ማታ ማታም እየተነፈሱ። ግፊታቸው ለቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ሆኖ ተገኘ። ያን ያመጣው ክኒኑ ይሁን፣ ትንፋሹ፣ ወይስ ምስጢር ከሆድ መውጣቱ፣ ተመራማሪዋ አላውቅም ነው ያለችው፤ በአንድ ሰው የሚረጋገጥ ነገር የለም፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚጠናው። የታወቀው ይህ ነው፤ እንቅርቱ ወጣ፣ አንገቱም አልደማም። ሐኪሙም በክፍሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ለወጠ። ጥያቄው በተለወጠ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ፣ ምንም አንወስድም የሚሉ የነበሩ ሴቶች ከየቦርሳቸው ያወጡት ጠርሙስና ቋጠሮ ጠረጴዛ ሞላ። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነበር። ጥቂቱ ግን ሐኪሙን እንደገና አመድ አስመሰለው።

አክስቷ ከቀዶ ሕክምናው በነቁ ማግሥት ሐኪሙ አዲስ የገባች ወጣት ሴት ዘንድ ደርሶ ከቤቷ የምትጠጣውን ጠየቃት። ልጅቷ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። አክስቷ ድምፃቸው ገና ሻክሮ ሹክሹክታ ብቻ ይወጣቸው ነበር።

«ንገሪው ልጄ» አሏት። «አይስቅም፤ አስተምሬዋለሁ።»