ሰዓት የሌለበት አገር

እማማ ከመጽሐፍ ጠራዡ ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በብብታቸው በአሮጌ ሻሽ የተጠቀለለ ቀጭን መጽሐፍ ይዘዋል። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ ለብዙ ዘመን ግን የሚታወቁት የሰዓት ሠሪው ሚስት በመባል ነበር። ሰዓት ሠሪው ከሞቱ ጥቂት ወራት አልፈዋል። እማማ ግን «ሞተ» የምትለዋን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፋቸው አውጥተዋት አያውቁም። ለጎረቤት «ያ ነገር ከደረሰ ወዲህ» ይላሉ። አብራቸው ለምትኖረው ለስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ደግሞ «አባባ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል፤ ይመጣል» አሏት። የልጅቱ እናትም የእናቷን ቃል ላለማፍረስ ስትል ዝም አለች።

ልጅቱ አመነች። ያመነ ደግሞ ይጠብቃል። ጠዋት ስትነሣ ደጃፉ ላይ ካለው ደረጃ ትቀመጥና መንገዱን ታያለች። «አባባ ሲመጣ ዘጉብኝ ይላል» እያለች በሩን አታስዘጋም፤ ብርዱ እንደልቡ ይገባል። ትምህርት ቤት መሄድም ትታለች። እሷ ክፍል ውስጥ ሳለች አባባ መጥቶ ቢመለስስ? ተለመነች፣ ተቆጧት፣ ከረሜላ ተገዛላት፤ ወይ ፍንክች። ትናንት ደግሞ ወንበር በወንበር ላይ ደርባ፣ ቁም ሣጥን ላይ የተደበቀውን የአባባን መጽሐፍ አወረደችው። እማማ ሊቀሟት፣ እሷም አልሰጥም ስትል፣ ጀርባው ተተረተረ።

የጠራዡ ክፍል ጠባብ ናት። ሙጫ ሙጫ ትሸታለች፤ ካርቶኑ በአንድ ወገን፣ ያልተሰፋው ወረቀት በሌላ ወገን ተቆልሎ ለሰው የቀረው ስፍራ የአንድ በርጩማ ነው። በርጩማዋ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ፣ አዲስ የተጠረዙ የልጆች መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጠች ታያለች። ጠራዡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል።

«ግንባርህ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉት እማማ ገና ሲገቡ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ! ጠዋትም እዚሁ ነው የተገኘው። ምን ልታዘዝ?»

«ይህን ስፋልኝ። የመጨረሻውን የወረቀት ቅጠል ግን ቆርጠህ አውጣልኝ።»

ጠራዡ ሻሹን ፈታ። ስለ ሰማይ ቤት የሚናገር የልጆች መጽሐፍ ነበር። ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ጠርዙ በጣት ብዛት ለስልሷል። መሀሉን ገልጦ ክሩን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው።

«እማማ፣ እኔ ወጌሻ ነኝ እንጂ እግር ቆራጭ አይደለሁም» አለ እየሳቀ።

«ቁረጥ ካልኩህ ቁረጥ። መጽሐፉ የኔ ነው።»

«እሺ፤ ግን ይመልከቱ። ወረቀቱ ሁሉ መሀል ለመሀል ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ነው የተሰፋው። የመጨረሻው ቅጠልና የመጀመሪያው ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። ያንን ብቆርጠው ይህኛው የሚይዘው አጥቶ ይረግፋል።»

የመጀመሪያው ቅጠል ላይ አንዲት እናት ጎሕ ሲቀድ፣ መስኮት አጠገብ፣ አራስ ልጅ ታቅፋ ተሥላለች። እማማ ሥዕሉን ጥቂት አዩትና ፊታቸውን መለሱ።

«እንግዲያው የኋለኛውን ከሽፋኑ ጋር በሙጫ ለጥፍልኝ። ሥዕሉ አይታይ።»

ይህን ጊዜ በርጩማዋ ተንቋቋች። ወጣቷ ተነሥታ መጥታ ጎንበስ ብላ የመጽሐፉን ጥግ ተመለከተች። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የጥቁር ዘይት የአውራ ጣት ምልክት አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የአባባ ሰዓት መጽሐፍ አይደለም?»

እማማ ቀና አሉ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«ልጅ ሳለሁ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲያነቡልን፣ ከባለቤትዎ ሱቅ ፊት ለፊት ከነበረው አግዳሚ ወንበር የማልጠፋዋ ነኝ። እንኳን ስሜን እኔንም አያስታውሱኝም ይሆናል። እሳቸው ግን ወይዘሪት ጥያቄ ነበር የሚሉኝ።»

«ወይዘሪት ጥያቄ!» እማማ ሳያስቡት ሳቁ። ከሳቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበርና ሳቁ ራሱ አስደነገጣቸው። «ያቺ ‹በሰማይ ቤት ምሳ በስንት ሰዓት ነው?› ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«መልሱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።»

እማማ ያ ወንበር ድቅን አለባቸው። ከኋላ የግድግዳ ሰዓቶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልብ ይመታሉ፤ ባለቤታቸው ያንን በዘይት የጠቆረ አውራ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጽ ይገልጣሉ። ከመጨረሻው ሥዕል ሲደርሱ፣ በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተው ከብርሃናማው ከተማ፣ ቀና ብለው ከመጽሐፉ የሌለውን ከራሳቸው ይጨምራሉ፦ «እዚያ ጊዜ አይቆጠርም፤ ሰዓት የሚባል ዕቃ የለም። እኔ ሥራ ፈት ልሆን ነው ማለት ነው። ቦዝኜ ስታገኙኝ እንዳትስቁብኝ!» ልጆቹ ቃሉ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ገና ሳይነገር ይስቃሉ። እማማ ከውስጥ ሆነው ሻይ እየቀዱ፣ «ዛሬም ያንኑ!» ይሉ ነበር። አሁን ያንኑ የሚል ጠፋ።

«ታዲያ የሳቅንበትን ገጽ ለምን በሙጫ ያሽጉታል?» አለች ወጣቷ በለሰለሰ ድምፅ።

እማማ መጀመሪያ ሻሹን አጣጠፉ። በኋላ ግን፣ ለባዕድ መናገር አንዳንዴ ይቀልላልና፣ የልጅቱን ነገር አንድ በአንድ አወጓት።

«ልጅ ናት» አሉ ሲጨርሱ። «ይህን ገጽ ካየች ነገሩን ትጠረጥራለች። ልጅ እንዲህ ያለውን አይችልም።»

«ይቅርታዎን፣ እማማ። ልጅቷ ይህንኑ ተሸክማ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የለም? ያልተነገራት ስሙ ብቻ ነው።»

«አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ ይቀልልሻል። እኛን እኮ በገሃነም እሳት እያስፈራሩ ነው ያሳደጉን። እኔ ልጅ ሳለሁ የነበረው መጽሐፍ እሳት እንጂ ሌላ ሥዕል አልነበረውም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዓይኔን ሳልከድን ያነጋሁት ሌሊት ስንት ነው? ለልጄ ልጅ ያንን አላወርስም ብዬ ነው።»

«እሱንማ እኔም አላወርስም። የእሑድ ትምህርት የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ፤ እነዚህን መጻሕፍትም የጻፍኩት ለእነሱ ነው።» አንዱን አንሥታ ሰጠቻቸው። «እሳት የለበትም። ግን ‹ተኛ› ወይም ‹ተጓዘ› የሚልም የለበትም። ተኛ ያልነው ልጅ አልጋ ይፈራል፤ ተጓዘ ያልነውም መንገድ ሲያይ ይውላል።»

ጠራዡ መርፌው ላይ ክር እያስገባ፣ «እኔን አያቴ ስትሞት ‹ገበያ ሄደች› አሉኝ። እስከ ዛሬ ገበያ መሄድ አልወድም» አለ። «ሚስቴ ግን ስንፍና ነው ትላለች።»

እማማ አልሳቁም። መጽሐፉን በጣታቸው ያዙትና ዋናውን ፍርሃታቸውን አወጡ።

«እሺ ነገርኳት እንበል። አባባ ያማረ ቦታ ነው ያለው አልኳት። ‹እንግዲያው እኔም ልሂድ› ብትለኝስ? ምን ይዋጠኝ?»

ወጣቷ ይህን ጥያቄ አልናቀችውም። እጇን አጣጥፋ አሰበች።

«ትክክል ነው፣ ያስፈራል። ለዚህ ነው እኔ ሥዕሉን ብቻ አሳይቼ የማልተወው። አስቀድሜ ሞተ ማለት ምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ሰውነቱ ሥራውን አቆመ፣ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ቀበርነው። ከዚያ በኋላ ነው ተስፋችንን የምነግራቸው፦ እግዚአብሔር አይረሳውም፣ አንድ ቀን እንገናኛለን ብለን እናምናለን። ወደዚያ ደግሞ ማንም ልሂድ ብሎ አይነሣም፤ ሕይወት ስጦታ ናት፣ ሰጪው እስኪጠራ ድረስ እዚሁ እንኖራታለን። እስከዚያው ትምህርት አለ፣ ጨዋታ አለ፣ እማማ አሉ። ደግሞ ያስቡት፣ ልሂድ የሚያሰኛት እኮ ሩቅ አገር ነው። ሩቅ አገር መንገድ አለው።»

 እውነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ልጅቱ ጫማዋን በከረጢት ከታ፣ «አውቶቡስ የሚቆመው የት ነው?» ብላቸው ነበር። ያን ዕለት ነገሩን እንደ ልጅ ጨዋታ አልፈውት ነበር፤ አሁን ግን ወጣቷ ባቀረበችላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«የማላውቀውን ብትጠይቀኝስ?»

«አላውቅም ይበሏት። እኔ ‹እናምናለን› እና ‹አላውቅም› የሚሉትን ቃላት አቀላቅዬ አላውቅም። ልጆች አላውቅም የሚላቸውን ሰው ያምኑታል። አባባ ሰዓትም እኮ የምሳውን ሰዓት አልነገሩኝም፤ ‹ስደርስ አጣርቼ› ነው ያሉኝ።»

«ስታለቅስስ?»

«አብረው ያልቅሱ።»

 ወጣቷ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ ግን ልጅነቷ አልለቀቃትም፣ ጠየቀች።

«አይቆጡኝና እማማ፣ ሙጫው ለልጅቷ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

ሰው ለልጅ ብሎ የሚደብቀውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ነው የሚደብቀው። ልጅ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ልጅ አይከራከርም። እማማም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰምተው የሚታገሡ ሴት አልነበሩም፤ በሌላ ቀን ቢሆን ሻሻቸውን ሰብስበው ይወጡ ነበር። ያን ዕለት ግን ያንን የአውራ ጣት ምልክት በራሳቸው አውራ ጣት ሸፈኑት። ምልክቱ ከጣታቸው ሰፋ ብሎ ዙሪያውን ታየ።

«ሰውየው ሞተ እኮ» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰላቸው። ቆየት ብለው ደገሙት፤ «ሞተ።»

 ጠራዡ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ሙሉውን ስፋው» አሉት እማማ። «በማይበጠሰው ክር።»

ሲመሽ ቤት ሲደርሱ ልጅቱ ደረጃው ላይ ነበረች። እማማ ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ሩቅ አገር ሄዷል ያልኩሽ እውነት አይደለም። አባባ ሞቷል። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ዋሸሁሽ፤ ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ መንገዱን እያየች ቆየች። «ታዲያ አይመጣም?»

«አይመጣም።»

አለቀሰች። እማማም አለቀሱ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ከመጀመሪያው ቅጠል፣ ከአራሷ ሥዕል ጀምረው አነበቡላት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ጣቷን ክፍቱ በር ላይ አኖረች።

«እዚህ ነው ያለው?»

«ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቦታው ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም። አንድ ቀን እንገናኛለን፤ አንቺ ግን መጀመሪያ ታድጊያለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ እንደኔ ታረጂያለሽ።»

«ኧረ! እስከዚያ አባባ ጥበቃ አይሰለቸውም?»

እማማ ቀና አሉ፤ ከመጽሐፉ የሌለውን ጨመሩ። «እዚያ ጊዜ አይቆጠርም። አባባሽ ሥራ ፈት ነው።»

ልጅቱ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣች፣ ገባች፣ ከውስጥም ተጣራች።

«እማማ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ይበርዳል!»

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄደች። ሐዘኗ አልጠፋም፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ታለቅስ ነበር። ግን እንቅልፏ ተመለሰ፣ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ መመልከት ተወች፣ ስለ አባባ መጠየቅና ማውራትም ጀመረች። ዝም ባለው ቤት ውስጥ የሰውየው ስም እንደገና ተጠራ። እውነት የተነገረው ልጅ ያዝናል፣ ሐዘኑም ቀስ በቀስ ይበርድለታል፤ የተዋሸ ግን ይጠብቃል፣ ጥበቃም ማብቂያ የለውም። ተስፋም ቢሆን ሥር የሚሰድደው እውነት ከተነገረበት ቤት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ወንበር ወደ ስፍራው ተመለሰ። ወይዘሪት ጥያቄ አዲሱን መጽሐፍ ታነባለች፣ እማማ አሮጌውን። ከመጨረሻው ገጽ ሲደርሱ ልጆቹ ገና ሳይነገር ይስቃሉ።

አንድ እሑድ፣ እናቷ የሞተችባት አንዲት ጎረቤት ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። እማማን ገለል አደረገቻቸውና በሹክሹክታ፣ «አያቱ መንገድ ሄዳለች ብዬዋለሁ። በነጋ በመሸ ቁጥር ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልንገረው?» አለቻቸው።

እማማ ትከሻዋን ያዙ።

«መጀመሪያ ለራስሽ ንገሪው፣ ልጄ» አሏት። «ከዚያ ለእሱ መንገሩ ይቀልልሻል።»